መጀመሪያ የተቀመጠበትን እዪ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «መምህር፣ የምኖረው ቦሎኛ ነው። በቀደም ራቬና ሄጄ ሳን ቪታሌ የሚባለውን ቤተ ክርስቲያን አየሁ። ከመሠዊያው በላይ ጢም የሌለው፣ ልጅ እግር ክርስቶስ ሰማያዊ ኳስ ላይ ተቀምጧል። ሮም ሳንታ ፑዴንዚያና ያየሁት ደግሞ ጢማም ነው፣ የወርቅ ዙፋን ላይ ነው። አስጎብኚው ‹ያው የሳሉት ቄሣሩን ነው፣ ስሙን ብቻ ነው የቀየሩት› አለን። እውነት ነው? ኳሱስ ምንድን ነው? አገር ቤት እንዲህ ያለ ሥዕል አይቼ አላውቅም።»

እህቴ፣ ሁለት ነገር የጠየቅሽ ይመስላል እንጂ አንድ ነው። ኳሱ ከተፈታ ቄሣሩም አብሮ ይፈታል። አስጎብኚሽን ደግሞ ብዙ አትፍረጂበት፤ እሱ ያለሽን እኔም ተማሪ ሳለሁ ተምሬዋለሁ። ሙሉ ውሸት አይደለም። ግማሽ እውነት ነው፣ አስቸጋሪውም እሱ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሪ።)

እንዲህ ያለ ሥዕል ፊት ስንቆም ዓይናችን ቀጥ ብሎ ፊቱ ላይ ያርፋል። ጢም አለው? የለውም? መልኩ የማንን ይመስላል? ክርክሩ እዚያው ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። እኔ ተማሪዎቼን የምላቸው ሌላ ነው። መጀመሪያ የተቀመጠበትን እዩ እላቸዋለሁ። ሠዓሊው የትኛውን የመጽሐፍ ቅዱስ ገጽ ገልጦ እንደሳለ፣ ማንን ከፍ ማንን ዝቅ ሊያደርግ እንደፈለገ፣ አንዳንዴም ከማን ጋር እየተከራከረ እንደነበር የሚናገረው ዙፋኑ ነው። ፊቱ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል።

እስቲ ወደ ሳን ቪታሌ እንመለስ። ቤተ ክርስቲያኑ የተባረከው በ547 ነው። ያየሽው ሥዕል በቀለም የተሳለ አይደለም፤ በጥቃቅን የመስታወትና የድንጋይ ቁራጭ የተሠራ ሞዛይክ ነው። ክርስቶስ ሐምራዊ ለብሶ መሀል ላይ ነው፤ ግራና ቀኙ መላእክት ቆመዋል። በግራ እጁ ጥቅልል ይዟል። ፎቶ አንስተሽ ከሆነ አሁኑኑ አጉልተሽ እዪው፤ ጥቅልሉ ላይ ሰባት ማኅተም አለ። የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 5 ማለት ነው። በቀኝ እጁ ደግሞ አክሊል ለሰማዕቱ ለቪታሌ ይዘረጋል። ቪታሌ ግን አክሊሉን በባዶ እጁ አይቀበልም፤ እጆቹን በካባው ሸፍኖ ነው የሚቀርበው። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ጳጳሱ ኤክሌሲዮስ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ትንሽ አምሳያ ይዟል፣ እሱም እጁን ሸፍኗል። በዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት ከንጉሥ እጅ ሲቀበሉም ለንጉሥ ሲያቀርቡም ወጉ እንዲያ ነበር። ነጠላ ማደግደግ ምን እንደሆነ ለምታውቅ አበሻ ይህን ማስረዳት ትርፍ ነው።

አሁን ኳሱ። ምድር ብቻ አይደለችም፤ ፍጥረተ ዓለም በሙሉ ነው፣ ሰማዩም ጭምር፣ ለዚህ ነው ሰማያዊ የሆነው። የሮም ቄሣሮች በገንዘባቸው ላይ ይህን ኳስ በእጃቸው ይዘው ይታያሉ፤ «ዓለም በእጄ ናት» ማለታቸው ነው። የሳን ቪታሌው ሞዛይክ ሠሪ ያንን የታወቀ ምልክት ወሰደና ከእጅ አውርዶ ወንበር አደረገው። አንዱ የሚይዘውን ሌላው ይቀመጥበታል። ኢሳይያስ 66 ላይ «ሰማይ ዙፋኔ ነው» የሚለውን ቃል በሥዕል አስቀምጪው ብትባይ ከዚህ የተሻለ ምን ታደርጊ ነበር? ከኳሱ ሥር ከዓለቱ አራት ወንዞች ይፈሳሉ፤ የኤደን ገነት ወንዞች ናቸው። ከአራቱ አንዱ ግዮን ነው። በእኛ አገር ትምህርት ዓባይ መሆኑ ነው፤ እንግዲህ ራቬና ድረስ ሄደሽ ዓባይን አይተሽ መጥተሻል።

ግን ከሁሉም በላይ ልብ እንድትዪልኝ የምፈልገው እዚያው ክፍል ውስጥ ያለውን ሌላ ሥዕል ነው። ከክርስቶስ በስተግራሽ በኩል ያለው ግድግዳ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ዮስቲንያኖስ አለ። እሱም ሐምራዊ ለብሷል፤ እሱም በራሱ ዙሪያ አክሊለ ብርሃን አለው። አስጎብኚሽ ይህን አይቶ ነው ያን ያለው፤ አልፈርድበትም። ነገር ግን ዮስቲንያኖስ ምን ላይ ተቀምጧል? ምንም ላይ። ቆሟል። በእጁ የወርቅ ጻሕል ይዟል። ፊት ለፊቱ ሚስቱ ቴዎዶራ ጽዋ ይዛ ቆማለች። የዚያን ዘመን ትልቁ ንጉሥ፣ ራቬናን አንድ ቀን እንኳ ረግጦ የማያውቀው ሰውዬ፣ እዚህ ግድግዳ ላይ የተሳለው ዕቃ እንደሚያቀብል ዲያቆን ነው። ቄሣሩን ለመሳል ቢፈልጉ ኖሮ እኮ ሳሉት፤ እዚያው አለ። ለየብቻ ነው የሳሏቸው፣ አንዱን አስቀምጠው አንዱን አቁመው።

ወደ ሮሙ ልሂድ። ሳንታ ፑዴንዚያና ከራቬናው በመቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ይቀድማል፤ የሞዛይኩ ዘመን 400 አካባቢ ነው። እዚያ ዙፋኑ ዙፋን ነው፤ ደገፉ ከፍ ያለ፣ በዕንቁ የተሞላ፣ ሐምራዊ ትራስ ያለው። ሐዋርያቱ እንደ ሮም ሹማምንት ቶጋ ለብሰው ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። አሥራ ሁለት ቆጥረሽ አጥተሽ ከሆነ ስሕተቱ ያንቺ አይደለም፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያኑን ሲያድሱ ጠርዙን ስለቆረጡት ሁለቱ ጠፍተዋል፣ የቀሩት አሥር ናቸው። ከኋላ ጎልጎታ ላይ በዕንቁ ያጌጠ መስቀል ቆሟል፣ ከሱም በላይ ደመናው ውስጥ ክንፍ ያላቸው አራቱ እንስሳ አሉ። ስለነሱ በኋላ እመለስበታለሁ።

የሊቃውንቱ ጠብ የተጀመረው እዚህ ሥዕል ላይ ነው ማለት ይቻላል። አንድሬ ግራባር የሚባል ታላቅ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሰው በ1930ዎቹ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከቄሣሩ ግቢ እንዴት እንደተቀዳ በሰፊው ጻፈ። ለብዙ ጊዜ ሁሉም እሱን ተከተለ፤ አስጎብኚሽም ሳያውቀው የእሱ ደቀ መዝሙር ነው። ከዚያ በ1993 ቶማስ ማቲውስ የሚባል አሜሪካዊ ተነስቶ «ቆይ እስቲ» አለ። ቄሣሮቹ በአደባባይ የሚቀመጡት ደገፍ በሌለው ዝቅ ባለ የሹመት ወንበር ነው፤ ደገፉ ከፍ ያለ በዕንቁ የተሽቆጠቆጠ ዙፋን የአማልክት ነው፣ የጁፒተር ነው አለ። ጢሙም፣ ወርቃማው ልብስም እንደዚያው። ስለዚህ የሥዕሉ ጠብ ከቄሣሩ ጋር አይደለም፤ ከጣዖቱ ጋር ነው።

እኔ ወደ ማቲውስ ነው የማደላው። ምክንያቴን ክርስቶስ በእጁ የያዘው መጽሐፍ ላይ ታገኚዋለሽ። ጽሑፉ በላቲን ነው፤ «የፑዴንዚያና ቤተ ክርስቲያን ጠባቂ ጌታ» ይላል። «ጠባቂ» ለሚለው የገባው ቃል «ኮንሰርቫቶር» ነው። ይህ ቃል በሮም ገንዘብ ላይ ለረጅም ጊዜ የጁፒተር መጠሪያ ነበር፤ «ጠባቂው ጁፒተር» ይሉት ነበር። በ400 አካባቢ ሮም የሚኖር ሰው ኪሱ ውስጥ ወይም ያያቱ ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ሳንቲም አያጣም። ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ቀና ሲል ዙፋኑም ስሙም ባለቤት ቀይረው ያገኛቸዋል። መልእክቱን ለማንበብ ሊቅ መሆን አያስፈልገውም።

ማቲውስን እስከ መጨረሻው ግን አልከተለውም። እሱ ቄሣሩን ጨርሶ ከሥዕሉ ሊያስወጣ ይሞክራል፣ ይህ ደግሞ አይሆንም፤ በተለይ ዘመኑ እየገፋ ሲሄድ። የሚገርመው አቅጣጫው መገልበጡ ነው። ማን ከማን ኮረጀ ካልሽኝ፣ ቁስጥንጥንያ ላይ ኮራጁ ንጉሡ ነው። ዳግማዊ ዮስቲንያኖስ በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የክርስቶስን መልክ ለመጀመሪያ ጊዜ በወርቅ ገንዘቡ ፊት አወጣው። የራሱን ምስል ወደ ጀርባ አዞረውና «የክርስቶስ አገልጋይ» ብሎ ጻፈበት፤ በእኛ አፍ ገብረ ክርስቶስ መሆኑ ነው። በክርስቶስ በኩል የተጻፈው ደግሞ «የነጋሢዎች ንጉሥ» ነው። ከዚያ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ቀዳማዊ ባስልዮስ ክርስቶስን በዙፋን ላይ አስቀምጦ አወጣ፤ ያ የዙፋን ደገፍ የበገና ቅርጽ አለው። እዚያው ዘመን ላይ በታላቁ ቤተ መንግሥት የዙፋን አዳራሽ ውስጥ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሚቀመጥበት በላይ፣ የክርስቶስ ሥዕል በዙፋን ላይ ነበር። ባለጉዳይ ሲገባ ሁለት ንጉሥ ያያል፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። የታችኛው ሥልጣን ከየት እንደመጣ ማስረዳት አያስፈልግም።

ያን የበገና ደገፍ ያለውን ዙፋን ዛሬ ማየት ከፈለግሽ ኢስታንቡል ነው። አያ ሶፊያ፣ ንጉሡ ይገባበት ከነበረው ትልቁ በር በላይ። ክርስቶስ ተቀምጧል፤ መጽሐፉ ላይ በግሪክ «ሰላም ለእናንተ ይሁን፤ እኔ የዓለም ብርሃን ነኝ» ይላል። ከእግሩ ሥር አንድ ንጉሠ ነገሥት በግንባሩ ሊደፋ ምንም አልቀረው፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይሰግዳል። ስሙ አልተጻፈም፣ የሚበዙት ሊቃውንት ግን ሊዮን 6ኛ ነው ይላሉ። ሊዮን ታሪክ ያለው ሰው ነው። ሦስት ሚስት ሞቶበት አራተኛ ሲያገባ ቤተ ክርስቲያን እምቢ አለች፤ በ906 የልደት ዕለት ፓትርያርኩ ኒቆላዎስ ከዚያው ቤተ ክርስቲያን በር መለሰው። ስለዚህ አንዳንዶቹ ሥዕሉን የንስሓ ሥዕል ነው ይሉታል። ይሁንም አይሁንም፣ የዓለሙ ሁሉ ንጉሥ ነኝ የሚል ሰው በየበዓሉ በዚያ በር ሲገባ ከራሱ በላይ የሚያየው መሬት ላይ የተደፋ ንጉሥ ነበር።

እዚያው አያ ሶፊያ ፎቅ ላይ ደግሞ ሌላ አለ፤ ይሄኛው ትንሽ ያስቃል። ክርስቶስ መሀል ተቀምጧል፣ ግራና ቀኙ ንግሥት ዞይ እና ባሏ ቆስጠንጢኖስ 9ኛ ናቸው። ባልየው የገንዘብ ከረጢት ይዟል፣ ለቤተ ክርስቲያኑ የሚሰጠው። ጠጋ ብለሽ ካየሽ ግን የባልየው ፊትና ስም ተፍቆ እንደገና የተሠራ ነው። ቆስጠንጢኖስ የዞይ ሦስተኛ ባል ነው፤ ከሱ በፊት ሌላ ባል እዚያ ቦታ ቆሞ ነበር። ባል ሲቀየር ግድግዳውም ተቀየረ። ሥዕል ማስቀየር ከማስሳል ሳይረክስ አይቀርም።

ጢሙን ጠይቀሽኛል፤ ቶሎ ልለፈው። ጢም የሌለው ክርስቶስ የአርዮሳውያን ነው የሚል ወሬ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ትክክል አይደለም። ሳን ቪታሌ የአርዮሳውያን አልነበረም፣ ክርስቶሱ ግን ጢም የለውም። ያ ራሱ ከተማ ውስጥ ያለው ሳንት አፖሊናሬ ኑኦቮ በአርዮሳዊው ንጉሥ በቴዎዶሪክ የተሠራ ነው፣ እዚያ ደግሞ ሁለቱም አሉ፤ ተአምራቱን ሲሠራ ጢም የለውም፣ በሕማማቱ ጢም አለው። በአንድ ዘመን፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱም ይሠሩ ነበር። ጢም የሌለው ዘላለማዊ ወጣትነቱን ያሳያል፤ ጢማሙ ግርማውን። እያደር ጢማሙ አሸነፈ፣ በቃ።

ወንበሩ ላይ ግን ገና አልጨረስኩም። ከኳስና ከዙፋን ሌላ ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምወደው። ተሰሎንቄ ውስጥ ሽቅብ በምትወጣ ሰፈር ውስጥ ሆሲዮስ ዳዊድ የምትባል ትንሽዬ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ውስጧ ያለው ሞዛይክ የ5ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። እዚያ ጢም የሌለው ክርስቶስ በቀስተ ደመና ላይ ተቀምጧል። ዙሪያውን ግልጽ የብርሃን ክብ ከቦታል፤ ከክቡ ዙሪያ አራቱ እንስሳ ብቅ ብቅ ብለዋል። ከታች ወንዝ አለ፣ ውስጡ ዓሦች አሉ። በአንዱ ጥግ ሕዝቅኤል ጎንበስ ብሎ እጁን አንስቶ ደንግጧል፤ በሌላው ዕንባቆም ቁጭ ብሎ ያስባል። አንዱ ፈራ፣ አንዱ ተከዘ። 

ይህ ሥዕል አፈ ታሪክም አለው። የቄሣር መክስምያኖስ ልጅ ቴዎዶራ በስውር ክርስቲያን ሆና አሠራችው፤ ስትጨነቅ በበሬ ቆዳና በጡብ ሸፈነችው፤ ተረሳ። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ በግብፅ በረሃ የሚኖር ሴኑፊዮስ የሚባል መነኩሴ «ጌታ ሆይ፣ ለፍርድ ስትመጣ እንዴት ሆነህ እንደምትመጣ አሳየኝ» ብሎ ሲለምን ወደ ተሰሎንቄ ሂድ ተባለ። ሄደ። አንድ ቀን ብቻውን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሳለ ነጎድጓድና የምድር መናወጥ መጣ፣ ጡቡ ረገፈ፣ ሥዕሉ በራ። አይቶ እዚያው ዐረፈ ይላል ታሪኩ። በቱርኮቹ ዘመን ቤተ ክርስቲያኑ መስጊድ ሲሆን ሥዕሉ ሁለተኛ ተመረገ፤ በ1920ዎቹ ምርጉ ሲነሣ እንደገና ወጣ። ሁለት ጊዜ ተቀብሮ ሁለት ጊዜ የተነሣ ሥዕል ነው።

ያ መነኩሴ ከግብፅ መሆኑ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም «አገር ቤት አላየሁም» ላልሽው መልሱ በግብፅ በኩል ነው የሚመጣው። ባዊት በሚባል የግብፅ ገዳም የተገኘ፣ አሁን ካይሮ በቅብጥ ሙዚየም ያለ፣ የ6ኛው ወይም የ7ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል አለ። ሁለት ደርብ ነው። ከላይ ክርስቶስ በዙፋን ላይ በብርሃን ክብ ውስጥ ነው፤ ከክቡ ዙሪያ የአራቱ እንስሳ ፊት ይታያል፣ ክንፎቻቸው ላይ ዓይን ብቻ ነው። ከታች እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሐዋርያት መካከል ተቀምጣለች። ላይና ታች፣ ሰማይና ምድር። ጳጳሶቻችን ለዘመናት ከእስክንድርያ ነበር የሚመጡት፤ መነኮሳቶቻችንም ወደዚያ ይመላለሱ ነበር። ስለዚህ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የብራና ወንጌሎቻችን ውስጥ የዕርገትን ሥዕል ስታዪ ያ ሁለት ደርብ ይመጣል፤ ከላይ ክርስቶስ በክብ ውስጥ፣ በአራት ማዕዘኑ አራቱ እንስሳ፣ ከታች እመቤታችንና ሐዋርያት ቀና ብለው።

በኋላ ዘመን፣ በተለይ በጎንደር ጊዜ፣ ያን ቦታ የወሰደው የሥላሴ ሥዕል ነው። ሦስቱ ነጭ ጢም ያላቸው፣ አንድ ዓይነት መልክ፣ እኩል ተቀምጠው፤ በአራቱ ማዕዘን አራቱ እንስሳ። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተሽ ታውቂ ይሆናል፤ ሰው ሁሉ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች እያየ አንገቱ እስኪያመው ቀና ይላል፣ ከመቅደሱ መግቢያ በላይ ያለውን የሥላሴን ሥዕል ግን አየት አድርጎ ያልፋል። በቤታችሁ ግድግዳ ላይም ሳይኖር አይቀርም። ስለዚህ አይተሽዋል። ከነእንስሶቹ ያ የጥንቱ ዙፋን ነው።

እንስሶቹ ላይ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ሰው፣ አንበሳ፣ በሬ፣ ንስር፤ ከሕዝቅኤል 1 እና ከዮሐንስ ራእይ 4። አውሮፓ ውስጥ እነዚህ የአራቱ ወንጌላውያን ምልክት ናቸው፤ ሰውዬው ማቴዎስ፣ አንበሳው ማርቆስ፣ በሬው ሉቃስ፣ ንስሩ ዮሐንስ። ይህ አከፋፈል የጸናው በጥንቱ የላቲን ሊቅ በሄሮኒሞስ ነው፤ ከሱ በፊት ሌላው የቤተ ክርስቲያን አባት ሄሬኔዎስ ንስሩን ለማርቆስ አንበሳውን ለዮሐንስ ሰጥቶ ነበር። ለመለየት አንድ ዘዴ ልንገርሽ። እንስሶቹ መጽሐፍ ይዘዋል? ከያዙ ወንጌላውያን ናቸው፤ ተሰሎንቄ ላይ ይዘዋል፣ ሮም ሳንታ ፑዴንዚያና አልያዙም። በግብፅና በእኛ ዘንድ ግን አርባዕቱ እንስሳ በመጀመሪያ የዙፋኑ ተሸካሚዎች ናቸው፣ የራሳቸውም በዓል አላቸው፣ ኅዳር 8። ሰው መልኩ ለሰው ልጅ፣ አንበሳው ለአራዊት፣ ላሙ ለእንስሳት፣ ንስሩ ለአእዋፍ ይለምናሉ የሚለውን ከአያትሽ ሳትሰሚ አልቀረሽም። በአውሮፓ ጸሐፊዎች ሆኑ፤ እዚህ አማላጆች።

አውሮፓ ውስጥ ይህ ሥዕል ጫፍ የደረሰው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በላቲን «ማዬስታስ ዶሚኒ» ይሉታል፣ የጌታ ግርማ። ቦሎኛ ሆነሽ ባርሴሎና ርካሽ በረራ አታጪም፤ ሂጂና የታዉሉን ሳን ክሌሜንት እዪ። በፒሬኔ ተራሮች መሀል ያለ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው፣ የተባረከው በ1123፤ ሥዕሉ ግን አሁን የካታሎኒያ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ነው። በ1919 አካባቢ ነጋዴዎች የአካባቢውን የግድግዳ ሥዕል እየገዙ ወደ አሜሪካ ማሻገር ሲጀምሩ (ሙር ከሚባል ቦታ የመጣው አንዱ ዛሬ ቦስተን ነው) ካታሎኖቹ ደንግጠው በጨርቅና በሙጫ ከግድግዳው ልጠው አወረዱት። እንደ እንጀራ ከምጣድ ማውጣት በይው፣ ግን ቤት የሚያህል እንጀራ።

ሥሩ ስትቆሚ ፊቱ ረጅም ነው፣ ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው፣ ቅንድቡና አፍንጫው በአንድ መስመር የተሰመሩ ይመስላሉ። ሁለት ጫፉ በሾለ፣ የአልሞንድ ፍሬ በሚመስል ብርሃን ውስጥ ነው፤ ጣሊያኖቹ «ማንዶርላ» የሚሉት ለዚህ ነው፣ በቋንቋቸው የዚያው ፍሬ ስም ነው። ቅስት ላይ ተቀምጧል፣ እግሩን ግማሽ ኳስ ላይ አሳርፏል። አየሽ፣ የተሰሎንቄው ቀስተ ደመናና የራቬናው ኳስ ተገናኙ። ግራና ቀኙ አልፋና ኦሜጋ አሉ። መጽሐፉ ላይ በላቲን የተጻፈው «እኔ የዓለም ብርሃን ነኝ» ነው፤ አያ ሶፊያ በር ላይ በግሪክ የተጻፈው ራሱ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በባሕሩ በሌላኛው ጫፍ። ከሥሩ ደግሞ መላእክት አሉ፤ አንዱ አንበሳውን በኋላ እግሩ፣ አንዱ በሬውን በጭራው ይዘዋል። እኔ እስከ ዛሬ ይህን በሬ ሳየው ገበያ የሚነዳ ሰው ትዝ ይለኛል።

ፈረንሳይ ከሆነ ሙዋሳክ የሚባለው ገዳም አለ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በር በላይ በድንጋይ የተቀረጸ፣ 1115 እና 1130 መካከል የተሠራ። ክርስቶስ ዘውድ ደፍቶ ተቀምጧል፣ ዙሪያውን 24ቱ ሽማግሌዎች። ሁሉም አንገታቸውን ጠምዝዘው ወደ እሱ ቀና ብለዋል፤ አንገታቸው ያመማቸው ይመስላል። በእጃቸው ጽዋና የክር መሣሪያ ይዘዋል፣ ራእይ 5 በገናና ዕጣን የሞላበት የወርቅ ዕቃ ስለሚል። የእኛዎቹ ካህናተ ሰማይ ከዚያ ከአንዱ ጥቅስ ማዕጠንቱን ነው የመረጡት። ሌላው የፈረንሳይ ካቴድራል ሻርትርም ውብ ነው፣ ግን ሙዋሳክን ያየ ሰው ሻርትር ላይ ጸጥታው ይበዛበታል።

ከዚያ ነገሩ ይቀየራል። ከ12ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የበሩ ድንጋይ ላይ የፍርድ ቀን እየበዛ ይመጣል። ክርስቶስ አሁንም ተቀምጧል፤ ግን በአንድ እጁ መጽሐፍ ይዞ በሌላው አይባርክም። ሁለት እጁን አንስቶ የችንካሩን ቁስል ያሳያል። ፓሪስ ኖትር ዳም መሀል በር ላይ እንዲህ ነው። ዙፋኑን ማንም አያይም፤ ዓይን ሁሉ ቁስሉ ላይ ነው። እኔም የተቀመጠበትን እዪ የምልሽ እስከዚህ ድረስ ነው። ከዚህ በኋላ እጁን እዪ።

የሚቀርሽ አንድ ነገር አለ፤ ቦሎኛ ስለሆንሽ ባቡሩ ሩቅ አይደለም። ራቬና ስትመለሺ የአርዮሳውያን ጥምቀት ቤት የሚባለውን ትንሽ ሕንጻ ጎራ በዪው። ሰው ሁሉ የሚያየው የጣሪያውን መሀል ነው፣ የጥምቀቱን ሥዕል። አንቺ ዙሪያውን እዪ። ሐዋርያቱ፣ አብዛኞቹ አክሊሎቻቸውን በተሸፈነ እጅ ይዘው፣ ወደ አንድ ዙፋን ይሄዳሉ። ዙፋኑ ላይ ሐምራዊ ትራስና መስቀል አለ። የተቀመጠ ሰው የለም። በ431 ኤፌሶን ላይ ጉባኤ ሲቀመጡም መሀል ላይ ዙፋን አድርገው ወንጌሉን ነበር ያስቀመጡበት። እኛ ታቦቱ የሚያርፍበትን «መንበር» እንለዋለን፤ መንበር ደግሞ በግእዝ ሌላ ምንም አይደለም፣ ዙፋን ነው። ፎቶ ካነሳሽ ላኪልኝ፤ የእኔው አሮጌው ስልክ ላይ የነበረው ጠፍቶብኛል።